«በነፃ ሠራልኝ»፦ የወዳጅ መካኒክ ሒሳብ በጆሃንስበርግ



በጆሃንስበርግ በሚኖሩ የተማሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ጨዋታ ወደ መኪና በዞረ ቁጥር የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ወኪል ጋራዡ ይህን ያህል ሺህ ራንድ ጠየቀኝ፤ አንድ ወዳጄ ግን መለዋወጫውን ብቻ አስገዝቶ በነፃ ሠራልኝ።» ተናጋሪው እንደ ብልህ ይታያል፤ ሰሚዎቹ ይቀናሉ፤ የወዳጁ ስልክ ቁጥርም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ይህ ጽሑፍ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ይሞግታል፤ «በነፃ» የምትለውን። መኪና የሚያውቅ ወዳጅ ገንዘብ እንደሚያድን አልክድም። ያድናል፤ ያውም ብዙ። ነገር ግን ከዳነው ገንዘብ ውስጥ «በነፃ» የምንለው ክፍል አነስተኛ ገቢ ካለው ሰው ኪስ ወጥቶ የተሻለ ገቢ ወዳለው ሰው ኪስ የገባ ነው። ይህ ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ቁጠባ ትንሹ ነው። ትልቁን ቁጠባ ሳንነካ ትንሹን ለባለቤቱ መመለስ እንችላለን። እስካሁን ያላደረግነው ሒሳቡን ቁጭ ብለን ስላልሠራን ይመስለኛል። ዛሬ እንሥራው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወዳጁ የሚሰጠን ምንድን ነው?

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ በምሳሌነት ወስዶ፣ ሻጩ ገዢው የማያውቀውን ሲያውቅ ገበያ እንዴት እንደሚበላሽ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ዳርቢና ኢዲ ካርኒ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። ከገዛናቸው በኋላ እንኳ ያስፈልጉን እንደነበር ልናረጋግጥ የማንችላቸው አገልግሎቶች አሉ አሉ። ካነሷቸው ምሳሌዎች አንዱ የመኪና ጥገና ነው።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይለናል፤ እናስቀይራለን፤ መኪናዋ በደንብ ትሄዳለች። ግን በእርግጥ ፍሪሲዮኑ አልቆ ነበር? ወይስ ትንሽ ማስተካከያ ይበቃ ነበር? አናውቅም፤ ወደፊትም አናውቅም። በሽታውን የሚነግረን ሰው መድኃኒቱንም የሚሸጥልን እሱ ነው። ስለዚህ ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ የሥራው ዋጋ ሲሆን ከፊሉ ያለማወቃችን ዋጋ ነው።

ወዳጁ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ሞተሩን ያዳምጥና «ካንዴላው ነው፤ ሌላውን አታስነካ» ይላል። በዚያች ቃል የዳነው ገንዘብ ከጉልበት ዋጋ ጋር ብዙም አይገናኝም፤ የዳነው ያላስፈለገው መለዋወጫና ያላስፈለገው ሥራ ነው። ወዳጃችን የሚሰጠን ከሁሉ በላይ እውነት ነው፤ ይህም በጥገና ገበያ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው ነገር ነው። እጅግ ውድ የሆነውን ነገር በምሳ ግብዣ የምንገዛበት ሌላ ገበያ የለም።

ክርክሩ ስለ ስንት ራንድ ነው?

ለማስረዳት ያህል የግምት ቁጥር ልጠቀም፤ አንባቢ በራሱ ደረሰኝ ሊተካው ይችላል። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ለመቀየር ወኪል ጋራዡ 8,000 ራንድ ጠየቀ እንበል፦ 4,500 ለመለዋወጫ፣ 3,500 ለሥራ። ወዳጃችን ደረጃውን የጠበቀ ተመሳሳይ መለዋወጫ ከገለልተኛ ሱቅ በ2,500 አስገዝቶ ያለ ክፍያ ሠራልን። 5,500 ራንድ ቀረልን።

አሁን ለሥራው 1,500 ራንድ ብንከፍለውስ? ጠቅላላ ወጪያችን 4,000 ይሆናል፤ አሁንም ግማሹ ቀርቶልናል። ይህ የቀረልን 4,000 ራንድ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። 2,000ው ከመለዋወጫ ምርጫ የመጣ ነው። የቀረው 2,000 የመስተዋት አዳራሽ፣ እንግዳ ተቀባይና የቡና ማሽን ከሌለው ሥራ ቦታ የመጣ ነው። ማንንም አልጎዳም፤ ንጹሕ ቁጠባ ነው። የምንከራከርበት የቀረው 1,500 ብቻ ነው። እሱ ግን ቁጠባ ሊባል አይችልም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው።

የማን እሑድ ነው?

ወዳጅ የምንለው ሰው ማን እንደሆነ በደንብ እንመልከት። ሙያውን የተማረው ምናልባት በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ወይም በክፍለ ሀገር ከተማ ጋራዥ ነው፤ ከረዳትነት ጀምሮ ካቻቪቴ እያቀበለ፣ ጣሊያን ትቶልን በሄደው የጋራዥ ቋንቋ ባልስትራና ኩሽኔታ እየለየ። ጆሃንስበርግ ሲደርስ ሙያውን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም። ስለዚህ ቀን ቀን ዛሬ ራሂማ ሙሳ በተባለው፣ እኛ ግን አሁንም ጄፒ በምንለው ጎዳና ላይ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል፤ ወይም ወደ ሎኬሽን ዕቃ ያመላልሳል። የመኖሪያ ወረቀቱ በየጊዜው የሚታደስ ነው። ዕረፍቱ እሑድ ናት። «በነፃ» የምንለው ይህችን እሑድ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በማርች 2025 ሥራ ላይ ያዋለችው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 28.79 ራንድ ነበር። ስድስት ሰዓት መኪና ሥር የተኛ ሰው በዚህ ስሌት 172.74 ራንድ ይደርሰዋል። ይህ ሕጉ ምንም ልዩ ሙያ ለሌለው ሠራተኛ ያስቀመጠው ወለል ነው። ወዳጃችን ግን ሙያ ይዞ መጥቷል፤ መፍቻዎቹ የራሱ ናቸው፤ ክሪኩ ቢንሸራተት የሚጎዳው የእሱ ደረት ነው። «ምሳ ጋበዝኩት» ስንል ከወለሉ በታች ከፍለን እንደ ቸር መታየት እየፈለግን መሆኑን ልናውቅ ይገባል።

የውለታው አቅጣጫም ሊጤን ይገባዋል። ጠያቂዎቹ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞችና መምህራን ነን። የእኛ ሰዓት ዋጋ ስላለው ሰዓታችንን ለመቆጠብ ወደ እሱ እንሄዳለን። እሱ በተራው የግብር ቅጽ እንድንሞላለት ወይም ለስደተኞች ቢሮ ደብዳቤ እንድንጽፍለት ሲጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» የሚል መልስ ይሰማል። አንደኛው ሰዓት ውድ፣ ሌላው ሰዓት ነፃ የሚሆንበት ሕግ በኢኮኖሚክስ መጻሕፍት ውስጥ የለም። ያለው በእኛ ልማድ ውስጥ ነው።

ወንፈልን አትጥቀሱብኝ

ይህን ሐሳብ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣ መልስ አለ፦ «ይህ እኮ ባህላችን ነው፤ መረዳዳት ነው፤ ደቦ ነው፤ አንቺ የፈረንጅ ሒሳብ አመጣሽብን።» መልሱ ቅን ቢሆንም ባህሉን በደንብ አያውቀውም።

ወንፈል ጥብቅ ሒሳብ ያለው ተቋም ነው። አንተ ለእኔ አንድ ቀን ካረስህ እኔም ለአንተ አንድ ቀን አርሳለሁ፤ በሬህን ካዋስህ በሬዬን ትጠብቃለህ። ቀኑን ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ብቻውን ያርማል። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ይቀርባል፤ ከሁሉም በላይ የዛሬው ደጋሽ ነገ ማጭድ ይዞ የሌላውን ማሳ ያጭዳል። እቁብ ጸሐፊ አለው፤ ተራ አለው፤ ዋስ አለው። እድር ለቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል። መረዳዳትን ያቆዩልን እነዚህ ተቋማት ሁሉ መዝገብ ያዢዎች ናቸው። አያቶቻችን ሲረዳዱ ይቆጥሩ ነበር፤ ቆጠራው ፍቅራቸውን አላጎደለውም፤ ይልቁንም መረዳዳቱ ሳይታክት ትውልድ እንዲሻገር ያደረገው ቆጠራው ነው።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ የማይቆጠር፣ የማይመለስ ጉልበትም በታሪካችን ነበረ። ነገር ግን ስሙ ደቦ አልነበረም። ገባሩ ለባለ መሬቱ የሚሠራው ሥራ ነበር፤ እሱንም የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ከነሥርዓቱ ሽሮታል። ባህል መጥቀስ ካስፈለገ የትኛውን እንደምንጠቅስ እንወቅ።

ከዚህ የሚበረታ ሌላ መከራከሪያ አለ፦ «ልክፈል ስለው እኮ እሱ ራሱ እምቢ ይላል፤ ገንዘብ ብሰጠው ይቀየመኛል።» ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀበትን ሰዓት እንመልከት። ሥራው ካለቀ፣ እጁን ከታጠበ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ «ስንት ልስጥህ?» የሚል ጥያቄ በወዳጆች መካከል አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ «ኧረ ተው፣ ምን በወጣህ።» ዋጋ ሊነገር የሚችለው ከሥራው በፊት ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው የሙያ ጥያቄ ስለሚሆን መልሱም የሙያ መልስ ይሆናል።

ደግሞም እምቢታው ራሱ ትርጉም አለው። የውጭ አገር ኑሮው ያልተረጋጋ ሰው በእሑዱ የሚገዛው ነገር አለ፦ ቢታሰር የሚጠራው ሰው፣ ቢታመም ሐኪም ቤት የሚያውቅለት ሰው፣ ቢሞት አስከሬኑን አገሩ የሚያስገባለት ማኅበር። ስለዚህ ነፃ ሥራው የመድን ክፍያ ነው። እንደዚያ ከሆነ እኛ ደግሞ መድን ሰጪዎች ነን፤ ክፍያ የተቀበለ መድን ሰጪ አደጋው ሲደርስ ስልኩን አያጠፋም። ገንዘብ መክፈል የማንፈልግ ከሆነ ቢያንስ ይህን ዕዳ በመዝገባችን ላይ እንጻፈው።

«ነፃው» ሥራ እኛንም የሚያሳጣን

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ፍትሕ ነው። ጥቅምን ብቻ ለሚመለከት አንባቢም ያልተከፈለበት ሥራ መጥፎ ግዢ ነው።

የደቡብ አፍሪካ የ2008 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለመኪና ባለቤት ቀላል የማይባሉ መብቶችን ሰጥቷል። በአንቀጽ 15 መሠረት ጠጋኙ የዋጋ ግምት አቅርቦ ሳይፈቀድለት ሥራ ጀምሮ ማስከፈል አይችልም። አንቀጽ 57 ለተገጠመው አዲስ ወይም ለታደሰ መለዋወጫና ለሥራው ቢያንስ የሦስት ወር ዋስትና ይሰጣል። አንቀጽ 67 ደግሞ የወለቀው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዛል፤ «ቀይሬዋለሁ» የሚለውን ቃል በዓይን የምናረጋግጥበት መንገድ ነው። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በሥራው የሚተዳደር ሰው በክፍያ ለሚሰጠው አገልግሎት ነው። በውለታ የተሠራ ሥራ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ የመጣው ለውጥ ነው። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን በዲሴምበር 2020 አውጥቶ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ የመኪና ባለቤት በአምራቹ ዋስትና ዘመን ውስጥም ቢሆን ገለልተኛ ጋራዥ የመምረጥ ነፃነት እንዲኖረው፣ የጥገና ውልም ከመኪናው ዋጋ ተለይቶ እንዲሸጥ አድርጓል። ከዚያ በፊት ከወኪል ጋራዥ ውጭ የወጣ ሰው ዋስትናውን ለማጣት ይጋለጥ ነበር። ይህ ለዓመታት የተደከመበት የመጠገን መብት ድል ነው፤ ለወዳጃችንም የተከፈተ በር ነው። ነገር ግን መመሪያው ከጠጋኙም የሚጠብቀው አለ፤ ሥራው ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ለደንበኛው እንዲያሳውቅና መድን እንዲኖረው። ከባለቤቱ ደግሞ ማስረጃ ይጠበቃል። ደረሰኝ የሌለው የዘይት ቅያሪ በአምራቹም ሆነ በቀጣዩ ገዢ ፊት እንዳልተደረገ ይቆጠራል። መኪናዋ በምትሸጥበት ቀን «ወዳጄ በየስድስት ወሩ ያይልኝ ነበር» የሚል ቃል ዋጋ አይጨምርም፤ የተሟላ የጥገና መዝገብ ግን ይጨምራል።

ሦስተኛው የደኅንነት ነገር ነው። በአገራችን ማንኛውም የግል መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ይቀርባል። በደቡብ አፍሪካ ግን የግል መኪና የብቃት ምርመራ የሚጠየቀው በዋናነት ባለቤትነቱ ሲዛወር ነው፤ በየዓመቱ የሚታደሰው ፈቃድ ክፍያ እንጂ ምርመራ አይጠይቅም። ስለዚህ እሑድ ከተገጠመው ፍሬንና ሰኞ ጠዋት ከምንነዳበት አውራ ጎዳና መካከል ሦስተኛ ዓይን የለም። ፍሬኑ ቢከዳ፣ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደረው የመንገድ አደጋ ፈንድ የሚመለከተው የአካል ጉዳትና ሞትን ነው፤ የተሰበረን መኪና አይክስም። የመድን ውሎች ደግሞ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን በተለምዶ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ማንን እንጠይቃለን? ወዳጃችንን? ውለታ አይተችም፤ ስለማይተችም ስሕተቱ አይታረምም። የተከፈለው ባለሙያ ግን «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ መሣሪያ ያለው ጋራ ውሰደው» ለማለት ነፃነት አለው። ወዳጅነቱን ላለማስቀየም የሚሠራ ሰው ይህን ለማለት ይቸገራል።

ወረቀት የሌለውስ?

አንዳንዶች «ደረሰኝ ስጥ፣ ዋጋ አስቀምጥ ማለት ሰውየውን ማጋለጥ ነው» ይላሉ። ፍርሃቱን አልንቀውም። በሜይ 2008 በተነሣው የውጭ ዜጎች ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ በጄፕስታውንና በማልቨርን አካባቢ የመኪና መሸጫዎች ጭምር ተቃጥለዋል። ጎላ ብሎ መታየት በዚህ ከተማ ዋጋ አለው።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን እንለይ። በእጅ የተጻፈ፣ ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ ያለበት አንድ ቅጠል ወረቀት ማንንም አያጋልጥም። የሥራ መብቱ ጉዳይ ደግሞ ጨለማ አይደለም። የ1998ቱ የስደተኞች ሕግ ስደተኝነቱ የታወቀለት ሰው ሥራ የመፈለግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለጥገኝነት ጠያቂዎችም የጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003 ዋቸኑካ በተባለው መዝገብ፣ በደፈናው ሥራ መከልከል ከሰብአዊ ክብር ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። በጃንዋሪ 2020 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ይህን መብት አጥብቦታል፤ ስለዚህም ነገሩ የሕግ ምክር ይጠይቃል። የሕግ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ደግሞ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ናቸው። እሑዱን የሰጠንን ሰው የሚጠብቀው ሕጉን አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ነው፤ ዝምታችን የሚጠቅመው እኛን ብቻ ነው።

ምን ይደረግ?

አራት ነገሮችን አቀርባለሁ፤ አንዱም ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ዋጋ ከሥራ በፊት ይነገር። ምርመራውም ለብቻው ዋጋ ይኑረው። «ምንም መቀየር አያስፈልግም» ብሎ ያሰናበተን ሰው ከሁሉ የበለጠ አትርፎልናልና ባዶ እጁን አይመለስ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ይኑር። ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የተገጠመው ዕቃ፣ የሥራው ዋጋና ፊርማ ይበቃል። አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጥ። ይህ ለእኛ የመኪናዋ ታሪክ ሲሆን ለእሱ የሙያው ታሪክ ነው።

ሦስተኛ፣ እቁባችን መሣሪያ ይግዛ። በሠርግና በቤት ዕቃ ላይ የሚውለው እቁብ አንድ ዙር ለኮምፒውተር መመርመሪያና ለአስተማማኝ የመኪና ማንሻ ቢውል፣ ባለሙያው ብድሩን ከሥራው ገቢ ይመልሳል። ባንክ የማይደፍረውን ብድር የምናውቀው ሰው ላይ መድፈር የእቁብ ጥንታዊ ጥቅሙ ነው።

አራተኛ፣ ሙያው ይመስከርለት። ደቡብ አፍሪካ በልምድ የተማሩ የእጅ ባለሙያዎች የቀድሞ ዕውቀታቸው ተመዝኖ ወደ ሙያ ፈተና የሚቀርቡበት ሥርዓት አላት። በኦሊፋንትስፎንቴን የሚገኘው ኢንድሌላ የተባለው ብሔራዊ ማዕከል ለዚህ የቆመ ነው፤ የሞተር ዘርፉን የሚከታተለው የሥልጠና ባለሥልጣን መርሴታ ነው። ማመልከቻው፣ የልምድ ማስረጃው፣ የቋንቋ ዝግጅቱ፣ የወረቀቱ ጉዳይ ከማን ጋር እንደሚነጋገር መከታተሉ፣ ይህ ሁሉ የቢሮ ሰው ሥራ ነው። የወንፈሉ የእኛ ቀን ይህ ነው። እሱ አንድ እሑድ መኪናችን ሥር ከተኛ፣ እኛ አንድ እሑድ ፋይሉን ይዘን እንቀመጥ።

ስለ ፖሊሲ ስንጽፍ ስለ መደበኛ ያልሆነ ኢኮኖሚ፣ ስለ ስደተኛ ሠራተኞች መብትና ስለ ሙያ ዕውቅና ብዙ እንላለን። ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱ በግቢያችን ውስጥ ዘይት በነካው እጁ ቆሟል፤ የሚከፈለውም የማይከፈለውም በእኛ ውሳኔ ነው። ለዚህ መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም። በምሳሌዬ ውስጥ ያለው ልዩነት 1,500 ራንድ ነው፤ እሱን ከፍለንም ግማሹን ወጪ አድነናል። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናችሁ ስትንኳኳና ወደ ወዳጃችሁ ስትደውሉ፣ «መቼ ትመቻለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ታስከፍላለህ?» በሉት።